የተሞከሩ ጭንብሎች

«አውልቂው እንጂ! ለቅሶ ቤት እኮ ነው።»

የወርቅውሃ ጎረቤት ሉሲ ይህን ያለችው አብራት ለመጣችው እህቷ ነው። ድምጿን ዝቅ ብታደርግም ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው ወርቅውሃ ሰምታታለች። እህትየው ደንገጥ ብላ ጭንብሏን ከአፏ ሳብ አደረገችና ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ወሸቀችው። ከዚያ ሁለቱም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ለልቅሶ አዘጋጅተው ገቡ።

ያን ሰሞን ቡራዩ ላይ ነገሩ እንዲህ ነበር። ታክሲ ውስጥ ታደርጋለህ፤ ፖሊስ አለ። ባንክ ስትሄድ ታደርጋለህ፤ ጥበቃው አያስገባህም። ለቅሶ ቤት በር ላይ ስትደርስ ግን ታወልቃለህ፤ አለዚያ ሟቹን «አንተ የሞትከው በዚያ በሽታ ነው» ማለትህ ነው፣ ቤተሰቡን ደግሞ «ተጠየፍኳችሁ» ማለትህ ነው። በሽታውንም በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። ወይ ይሉኝታ! ሰውን ስንቱን አስደረገው! ደግሞ የማን ቤት በር ላይ ነው የሚያወልቁት? ለግማሹ ሰፈር ጭንብል ሰፍታ የሸጠች የልብስ ሰፊዋ የወርቅውሃ ቤት በር ላይ።

ሟቿ አዴ ገለቴ የባሏ የኦዳ እናት ናት። የተቀበረችው ትናንት ነው። «ምን አገኛት?» ላለ ሁሉ ኦዳ «የሳንባ ምች ነው» ይላል። ሐኪም ቤት አስገብተዋት ሳታድር ነው የሞተችው፤ ሐኪሙም ሳንባዋ መጎዳቱን ነግሯቸዋል፤ ስለዚህ ውሸት አልነበረም። ቢያንስ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልነበረም።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሉ ከጎኗ ያሉት እማማ ማሪቱ፣ ትከሻዋን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው። እማማ ማሪቱ የአዴ ገለቴ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ አጥር ለአጥር የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን አብረው ደርሰው አብረው የሚመለሱ። ደረታቸው ደግሞ አስም አለበት። አፋቸው ውስጥ የሚነፏትን መድኃኒት ከጡታቸው ሥር አይለዩአትም። እንዲያም ሆኖ ከቀብር መልስ ጀምሮ ከወርቅውሃ ጎን ንቅንቅ አላሉም፤ ጉንጫቸውን ጉንጯ ላይ አድርገው ነው የሚያለቅሱት።

ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው። የማታውቀው ቁጥር ነበር። ይቅርታ ጠይቃ ወደ ጓዳ ገባች።

«ከጤና ጣቢያ ነው፤ የወይዘሮ ገለቴ ቤተሰብ ነዎት?» አለች አንዲት ሴት።

«ነኝ፣ ምራቷ ነኝ።»

«እግዜር ያጥናችሁ። ከማረፋቸው በፊት የተወሰደው ናሙና ውጤቱ አሁን ደረሰን። ፖዘቲቭ ነው።»

«እሺ» አለች ወርቅውሃ። ምኑን እሺ እንዳለች እሷም አላወቀችም።

«ከእናንተ ጋር ሌላ ሰው አለ?»

በጓዳዋ መስኮት ወደ ድንኳኑ አየች። አግዳሚው ሁሉ ሞልቷል። ሉሲ እያለቀሰች የአንዲትን አሮጊት አንገት አቅፋለች። «ለቅሶ ላይ ነን» አለች።

ሴትዮዋ እንደመለመን ባለ ድምፅ፣ «እባክዎን ሰውን አሰናብቱ። ማንም አይቅረባችሁ፣ እናንተም ማንንም አትንኩ። አረጋውያንና የመተንፈስ ችግር ያለባቸው ካሉ በተለይ። ተራችሁ ሲደርስ ባለሙያዎች ይመጣሉ» አለች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወርቅውሃ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮዋን ሲከረክራት የልቅሶ ነው ብላ ነበር። አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ሰው ሲያወራ የሰማችው። የበርበሬውን ዕቃ አወረደች፣ ክዳኑን ከፈተችና አፍንጫዋን አስጠግታ በረጅሙ ሳበች።

ምንም የለም። እንደገና ሳበች። ዓይኗን አቃጠላት እንጂ ሽታ የሚባል ነገር የለም።

«ማርያም ድረሽልኝ» አለች፣ ሰው እንዳይሰማት አፏን በመዳፏ አፍና።

ኦዳን በጥቅሻ ጠርታ ከቤቱ ጀርባ፣ የውሃው በርሜል ጋ ወሰደችው። የቡራዩና የአዲስ አበባ መስመር ታክሲ ሹፌር ነው፤ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አሁን ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። የሰማችውን ስትነግረው መጀመሪያ ያደረገው ዞር ዞር ብሎ ሰው መኖር አለመኖሩን ማየት ነበር።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? ላንተ ነው እንጂ።»

«በቃ፣ ስልክሽን አጥፊው።»

«ኦዳ! እኔም ይዞኛል። በርበሬ አይሸተኝም። እማማ ማሪቱ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ እኔን አቅፈው ነው የዋሉት። አስማቸውን ታውቃለህ፤ ጉንፋን እንኳ ሲይዛቸው ስንት ቀን ነው የሚያንገላታቸው። ይሞቱብናል!»

«ነገ ሥልስቷ ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ከገፈርሳ፣ ከሱሉልታ ዘመዱ በሙሉ ተነሥቶ ይመጣል። ምን ልበላቸው? እናቴ የኮሮና ሬሳ ናት፣ ተመለሱ ልበላቸው? ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ለቅሶ ስትደርስ ኖራ ለሷ ሲሆን ሰው ይሽሽ? ከዚያ ወዲያ ሱቅሽ ማን ይመጣል? ታክሲዬ ላይ ማን ይሳፈራል? ሥልስቷ ይለፍ። ከዚያ በኋላ ቤታችንን ዘግተን እንቀመጣለን።»

«እስከዚያ የሚያልቀውስ ሰው?»

«ማን አለቀ! አታሟርቺ እንጂ!» ጮክ አለና መልሶ ድምፁን ዋጠው። ከዚያ ያለ ወትሮው ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ «እኔ ነኝ አይደል ያመጣሁባት? ስንቱን ሳመላልስ እየዋልኩ ማታ ማታ ጉልበቷን እስማት ነበር» አለ።

ወርቅውሃም የራሷ ፍርሃት ነበራትና ልትነግረው አልደፈረችም። ወደ ድንኳኑ ተመለሰች፤ እማማ ማሪቱ ክንዳቸውን ዘርግተው ተቀበሏት።

የራሷ ፍርሃት ይህ ነው፤ በሽታው የገባው በኦዳ ታክሲ ሳይሆን በእሷ ሱቅ በኩል ቢሆንስ?

ትምህርት ቤት ተከፍቶ ተማሪ ያለ ጭንብል አይገባም የተባለ ጊዜ ወርቅውሃ ቀሚስ መስፋቱን ትታ ጭንብል ላይ ወረደች። መንገድ ዳር ያለችው ሱቋ ደጃፍ ላይ ገመድ ወጥራ ትሰቅላቸዋለች። ደንበኛው ግን እንዴት ነው የሚገዛው? እየሞከረ! እንደ ኮፍያ! አንዱን አውርዶ ይለብሳል፣ መስታወት ያያል፣ «ትንሽ ጠበበኝ» ይልና መልሶ ይሰቅላል፣ ሌላ ያወርዳል። «ኧረ አይሞከርም» ስትል ይቀየሟታል። «ምነው፣ በሽተኛ መሰልኩሽ?» ይሏታል። እንዲህ ሲባል ምን ይባላል? ዝም ነው እንጂ። ዞር ስትል ደግሞ የሞከሩትን ካልተሞከሩት መሃል ቀላቅለውላት ይሄዳሉ።

መላ ያመጣችው አዴ ገለቴ ናት። አመሻሽ ላይ ሱቁ ሲዘጋ ሳይሸጡ የቀሩትን ጭንብሎች ሁሉ ሰፌድ ላይ አድርጋ ትቀመጥና አንድ በአንድ እያነሳች ታሸታለች።

«ይሄ ቅባት ተቀብቷል። ወዲህ። ይሄኛዋ ሽንኩርት በልታለች። ወዲህ። ኡፍ! ይሄ ሲጋራ ነው፤ የማን ልጅ ይሆን? እናቱ አላወቀች!»

«ኧረ አዴ፣ አፍንጫሽን አታስጠጊው!»

«ታዲያ በምን ልለየው፣ በዓይኔ? ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው የሌላ ሰው ትንፋሽ ለብሶ አይሄድም። ነውር ነው።»

የተሞከሩትን ለይታ በድስት ትቀቅላቸዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች፣ በካውያ ተኩሳ እንደ አዲስ ታደርጋቸዋለች። አዴ ገለቴ ገፈርሳ ተወልዳ እርሻ ላይ ያረጀች፣ ባሏ ሲሞት ልጇ ቤት የገባች ሴት ናት። ወርቅውሃ የመንዝ ልጅ ናትና አማቷን እንደ አሳዳጊዎቿ ወግ «አንቱ» ብላ ነበር የጀመረችው። አዴ ገለቴ ግን ብዙም ሳትቆይ፣ «አንቱ የሩቅ ሰው ነው፣ እኔ እዚሁ ቤትሽ ነኝ፣ አንቺ በይኝ» አለቻት። መጀመሪያ መጀመሪያ አፏ እምቢ ይላት ነበር። በኋላ ግን እናቷን እንኳ እንደዚያ ቀርባ አነጋግራት አታውቅም።

ታዲያ አንድ አመሻሽ አዴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁሉንም አሸተተችና፣ «ዛሬ ማንም አልሞከረም፣ ሁሉም ንጹሕ ነው» አለች። በማግስቱም እንዲሁ። ወርቅውሃ ምን አለች? «እሰይ! ሰዉ ገባው ማለት ነው» ብላ ደስ አላት። ሁሉንም መልሳ ሰቀለችው፣ ሸጠችውም።

አሁን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ የእማማ ማሪቱ እጅ ጀርባዋን እያሸ፣ ነገሩ ሁሉ ገባት። ሰዉ አልነበረም የገባው። የአዴ አፍንጫ ነው የጠፋው።

«እየተንቀጠቀጥሽ ነው እኮ» አሉ እማማ ማሪቱ። ጋቢ ደረቡላትና ጠበቅ አድርገው አቀፏት። ወዲያው ሳሉ። ደረቅ ሳል ነበር።

«እማማ! አመመዎት እንዴ?»

«አቧራው ነው። የሚገባ የሚወጣው ሰው አይደል።»

«ቤትዎ ገብተው ትንሽ ጋደም ቢሉ…»

«ምን ሆነሻል? ገለቴን አልጋ ላይ ሆኜ ነው የማለቅሳት? እዚሁ ነኝ። ሰባቷ እስኪወጣ ድረስ እዚሁ ነኝ፣ አታባርሪኝ።»

ወዲያ ማዶ ሉሲ አንዲቱን ጎረቤት ጠጋ ብላ፣ «እውነት ግን የሳንባ ምች ነው?» ስትል ተሰማ። እማማ ማሪቱ አፈጠጡባት። «አፍሽን ሰብስቢ! አፈሯ ሳይደርቅ ስሟን ልታጠፊ?» ሉሲ አንገቷን ሰበረች። ከዚያ ለይቅርታ ይሁን ለይሉኝታ ተነሥታ መጣችና ወርቅውሃን ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት። ወርቅውሃ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ሲጨንቃት ለቀቀችው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ ሲወጋት የሰነበተ ነበር። አዴ ስትታመም የወርቅውሃ ልጆች ሰበታ አክስታቸው ትጊ ጋ ይሂዱ ብላ ግድ ያለችው ራሷ አዴ ናት። የራሷን መኝታ ዕቃ ቤት አድርጋ፣ ምግቧን ከደጅ ተቀብላ ትበላ ጀመር። በመጨረሻ ኦዳ ታክሲውን በር ላይ አቁሞ ሐኪም ቤት ሊወስዳት ሲል ወርቅውሃ ሮጣ ልታቅፋት ሄደች። አዴ ጭንብሏን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ፣ መዳፏን ወደ ፊት ዘረጋችና፣ «አትምጪብኝ!» አለቻት። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራት አታውቅም። ፊቷን አዙራ ታክሲው ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

ምን አጥፍቼባት ነው? ምን ቀየምኳት? ወርቅውሃ ቀብሩ ላይ ሳይቀር ይህንኑ ነበር የምታስበው። ለካ አዴ አውቃ ኖሯል! ሳታቅፋት የሄደችው ልታተርፋት ነው። እሷ ግን ምን እያደረገች ነው? የአዴን የልብ ጓደኛ ደረት ላይ ተጋድማ እየተነፈሰች ነው።

«ኦዳን እሰማለሁ» አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ «አልሰማም» አለች። እንዲህ ስትል መሸ። እማማ ማሪቱ እዚያው ፍራሽ ላይ፣ እሷ አጠገብ አደሩ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የገፈርሳና የሱሉልታው ዘመድ በአይሱዙ ተጭኖ ደረሰ። ሴቶቹ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ነው ዋይታውን የለቀቁት። በሩ ላይ ያለው ጠባብ መግቢያ ሞላ። ፊት ለፊት የሚመጡት የአዴ ገለቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሁለት ሰው ደግፏቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ወደ ወርቅውሃ። እማማ ማሪቱም ሊቀበሏቸው ተነሡ። ማንም ጭንብል አላደረገም። ኦዳ ከአባወራዎቹ መሃል ሆኖ ሚስቱን አያት። ዓይኑ «እባክሽ» ይላል።

ወርቅውሃ ወደ ኋላ ሸሸች። ጀርባዋ የድንኳኑን ምሰሶ ነካ። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። ፍርሃቱ ከሆዷ ተነሥቶ በጩኸት ወጣ፦

«አትቅረቡኝ ወገኖቼ፣ ትንፋሼም መርዝ ነው፣
እናቴን የገደላት እኔም ላይ ያለው ነው!»

ቤት መታላት! እሷ መች ልትገጥም አሰበች? ለቅሶ ቤት ስትውል ስታድር የኖረች ናትና ቃሉ ራሱ እየተደረደረ ወጣ። ሰዉ ሙሾ አወረደች አለ።

«ወዬ! ወዬ! እውነቷን ነው!» ብለው ሴቶቹ ተቀበሏት። አንዲት አልቃሽ ደረቷን እየመታች ግጥሙን ደገመችው። «አንጀት የሚበላ ነው የተናገረችው» አለ ሌላው። ይባስ ብለው ሊያጽናኗት ተግተልትለው መጡ።

«አትንኩኝ! በሽታው ነው የገደላት!»

«በሽታው ነው እንጂ፣ በሽታው! ክፉ በሽታ!» እያሉ አለቀሱ።

ጩኸት እንደማያዋጣት ያን ጊዜ ገባት። በጮኸች ቁጥር ሙሾ ይሆንባታል። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ሁለት መዳፏን ወደ ፊት ዘረጋችና፣ ገበያ ላይ ለደንበኛ እንደምትናገረው ባለ ደረቅ ድምፅ ተናገረች።

«ትናንት ከጤና ጣቢያ ተደውሎልኛል። የአዴ ምርመራ ፖዘቲቭ ነው። ኮሮና ነው። እኔም ሳይዘኝ አይቀርም፣ ሽታ ጠፍቶብኛል። ሁለት ቀን አቅፌያችኋለሁ። እባካችሁ ወደ ኋላ በሉ።»

ልቅሶው እንደተቆረጠ ገመድ ቆመ። «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ እስከ መኪናው ድረስ ሄደ። ፖዘቲቭ ተብሎ ሙሾ የለም። የአዴ እህት የተዘረጉት እጆቻቸው አየር ላይ እንዳሉ ቀሩ። ከዚያ የሁሉም እጅ ወደ ኪሱ፣ ወደ ጉያው፣ ወደ ቦርሳው ገባ፤ ጭንብሎቹ እየወጡ አፍ ላይ ተደረጉ። ግማሾቹን የሰፋቻቸው እሷ ናት። የትኞቹ የተሞከሩ እንደነበሩ ግን አሁን ማን ያውቃል?

«ትናንት ስሜሻለሁ እኮ!» ብላ ሉሲ ጮኸች። «ልጆች አሉኝ እኮ፣ ወርቄ! ምነው!»

«አልካድኩም፣ ሉሲ። ይቅር በይኝ።»

«እሷን ተዉአት» አለ ኦዳ። አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጧል። «ሥልስቷ ይለፍ፣ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። እናቴ ሰው እንዳያጣ ብዬ ነው።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነና ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ሊያቅፈው የሄደ ሰው የለም።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገርባ ከሩቅ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጀባዹ፣ ያ ኢልማ ኮ፣ በርታ ልጄ» አሉት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ሂዱ፣ በየቤታችሁ ግቡ። ያሳለው፣ ያተኮሰው ይመርመር። አትደባበቁ!» አሉ። ድንኳኑ ሲሞላ የፈጀውን ያህል ጊዜ እንኳ ሳይፈጅ ባዶ ሆነ። አይሱዙው ሲያዞር አቧራ አስነሣ። የአዴ እህት ተጭነው ሲሄዱ ጣታቸውን ወደ ቤቱ እየጠቆሙ ያለቅሱ ነበር፤ ለእርግማን ይሁን ለእህታቸው አይታወቅም።

እማማ ማሪቱ ብቻ አልሄዱም። አጥሩ ጥግ ቆመዋል። ጭንብላቸውን አድርገዋል፤ ከላዩ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ወደ ወርቅውሃ አንድ እርምጃ ተራመዱ።

«አይምጡብኝ፣ እማማ!» አለች መዳፏን ዘርግታ። ድምፁ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። «ስለ ማርያም ብለው አይምጡብኝ!»

እማማ ቆሙ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ከጡታቸው ሥር ያቺን መድኃኒት አውጥተው፣ ጭንብሉን ገለጥ አድርገው ነፏትና መለሷት። ትንሽ ቆይተው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አንዱን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠቀለሉ፣ ሌላውን ወደ እሷ ወረወሩት። መሬቱ ላይ፣ እግሯ አጠገብ ወደቀ።

«አልመጣብሽም» አሉ። «ያዢው።»

ወርቅውሃ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ነጠላው በመሃላቸው ተወጠረ። እማማ ማሪቱ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፣ ጫፉን ይዘው አጎነበሱ። የኦዳ ልቅሶ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ውጦታል። ጨርቁ እጇ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እማማ እያለቀሱ ይሁን እየሳሉ ከወዲህ ጫፍ ሆና መለየት አልቻለችም። በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችው።